ብር ሲወድቅ ያልወደቀው ማይል

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ፈቀደ። በዋዜማው ባንክ ቤት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአንድ ቀን ወደ 75 ብር ተጠጋ፤ ዓመት ሲሞላው ከ130 ብር አለፈ። ስለ ዘይት፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ መድኃኒት ብዙ ተባለ። ስለ አውሮፕላን ትኬት የተባለው ግን ጥቂት ነው፤ ትኬት የሀብታም ጉዳይ ይመስላልና። በከምባታና በሐድያ ከተሞች፣ ዳምቦያ፣ ዱራሜና ሆሳዕና ላይ ግን እንዲህ አይደለም። በእነዚህ ከተሞችና በዙሪያቸው ባሉ ቀበሌዎች ጆሃንስበርግ፣ ጅዳ፣ ቤይሩት ወይም ዋሽንግተን ሰው የሌለው ቤት መፈለግ ያደክማል። ለእነዚህ ቤተሰቦች የትኬት ዋጋ ማለት ልጅ ለመስቀል ይመጣል ወይስ አይመጣም ማለት ነው።

የዓለም አቀፍ በረራ ዋጋ የሚተመነው በዶላር ነው፤ አዲስ አበባ ላይ በብር ሲሸጥ የዕለቱ ምንዛሪ ይመታበታል። ስለዚህ ወንበሩ ያው ወንበር፣ የዶላር ዋጋውም ያው ሆኖ ሳለ በብር ከእጥፍ በላይ ሆነ። ከዚያ ሐምሌ በፊት የነበረው ትልቁ «ቅናሽ» ደግሞ በዚያው ጠፋ። ሕጋዊነቱን ለጊዜው እንተወውና፣ ዶላር በጎን ገበያ ከ110 ብር በላይ ሲመነዘር የትኬቱ ሒሳብ የሚሠራው በባንክ ዋጋ ስለነበር፣ ከውጭ ገንዘብ የሚላክለት ሰው መነሻው ከአዲስ አበባ የሆነ ትኬት በብር ሲያስቆርጥ በግማሽ ዋጋ እንደገዛ ይቆጠር ነበር። ኪሳራው በሌላ ወገን ታየ። ዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር በሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዝርዝር አየር መንገዶች ኢትዮጵያ ውስጥ በብር ሸጠው ወደ አገራቸው ማውጣት ያልቻሉት ገንዘብ 149 ሚሊዮን ዶላር ደርሶ ነበር። ገንዘቡን ማውጣት ለማይችል ኩባንያ ርካሽ ወንበሩን በብር መሸጥ ምን ይጠቅመዋል? ያ ዘመን አልፏል። በባንክና በጎን ገበያ መካከል የነበረው ገደል ሲጠብ በምንዛሪ ልዩነት ትኬት የማርከስ ዘዴውም አብሮ ቀረ።

በዚህ ሁሉ መሐል ከብር ጋር ሳይወድቅ የቀረ አንድ ነገር አለ፤ እሱም የአየር መንገድ የሽልማት ነጥብ የሆነው ማይል ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሼባ ማይልስ ፕሮግራሙ ለደንበኞቹ የሚያስቆጥረው ማይል በብር አይተመንም። የሽልማት ትኬት የሚጠየቀው ይህን ያህል ሺህ ማይል ተብሎ ነው፤ ብር በመውደቁ ቁጥሩ አይነሳም። ለምሳሌ ያህል አንድ የደርሶ መልስ ትኬት 500 ዶላር ይሸጣል እንበል፤ በማይል ሲሆን 25,000 ይጠየቅበታል፤ በማይልም ቢወሰድ በጥሬ ገንዘብ የሚከፈለው ታክስና ልዩ ልዩ ክፍያ 100 ዶላር ነው። ማይሉ ያዳነው 400 ዶላር ነው፤ ለ25,000 ሲካፈል አንዱ ማይል 1.6 ሳንቲም የአሜሪካ ሆነ። ዶላር 57 ብር በነበረ ጊዜ ይህ 91 የኢትዮጵያ ሳንቲም ነበር። በ130 ብር ሒሳብ ግን 2 ብር ከ8 ሳንቲም ነው። ባለቤቱ ምንም ሳያደርግ፣ ምናልባትም መኖሩን ሳያውቅ፣ ንብረቱ በብር ከእጥፍ በላይ ሆነ። ታክሱም በዶላር የሚሰላ ስለሆነ እሱም በብር አድጓል፤ የማይል ትኬት ነፃ ትኬት ነው የሚለው አባባል ድሮም ትክክል አልነበረም፣ አሁንም አይደለም።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ንብረት በማን እጅ ነው የሚለው ነው። ደንቡ ቀላል ነው፤ ማይሉ የሚቆጠረው ወንበሩ ላይ ለተቀመጠው ሰው ነው፤ ትኬቱን ወንድም ይክፈለው፣ አሠሪ ይክፈለው፣ ቤተ ክርስቲያን ይክፈለው ለውጥ አያመጣም። ሆሳዕና ውስጥ ትኬት የሚያስቆርጡ ሰዎች በብዛት የሚያስቡት ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ «እኔ አልከፈልኩም፣ ምን አገባኝ» ይላሉ። በዚህ ምክንያት ብቻ በየበረራው ተመዝግቦ ሊቀመጥ የሚችል ማይል ሜዳ ላይ ይቀራል።

ከአካባቢው ስለሚነሳ ጉዞ ሲወራ መጀመሪያ የሚነሳው ሳውዝ፣ ማለትም ደቡብ አፍሪካ ነው። ከሐድያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚደረገው ፍልሰት የተጠናከረው ከ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ወዲህ ሲሆን፣ አብዛኛው ሰው የሄደው በአውሮፕላን አይደለም። በሞያሌ ወጥቶ ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ማላዊንና ሞዛምቢክን በጭነት መኪናና በእግር አቋርጦ ነው። በመጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ውስጥ በአንድ ኮንቴይነር 64 ኢትዮጵያውያን ሞተው ተገኝተዋል። ስለ ማይል ሲወራ ይህን መንገድ መርሳት ነውር ነው፤ በዚያ መንገድ የሄደ ሰው የሚቆጠርለት ማይል የለውምና። ከደረሰም በኋላ ቢሆን አውሮፕላን የሚሳፈረው ወረቀት ያገኘው ብቻ ነው። በደቡብ አፍሪካ ሕግ ጥገኝነት ጠይቆ ውሳኔ የሚጠብቅ ሰው ያለ ፈቃድ ከአገር ከወጣ የያዘው ጊዜያዊ ወረቀት ይሰረዝበታል፤ ስደተኛ ተብሎ ከለላ ያገኘውም ወደ ትውልድ አገሩ ቢመለስ ከለላውን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ በጆሃንስበርጉ ጄፒ ጎዳና ሱቅ ያለው ወይም ሎኬሽን በሚባሉት የጥቁሮች ሰፈሮች የሚነግድ የዳምቦያ ልጅ ሁሉ ተመላላሽ አይደለም። የማይል ጉዳይ የሚመለከተው ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ወይም ሌላ የሚያስወጣና የሚያስገባ ሰነድ ያለውን ነው።

ለዚያ ሰው ሒሳቡ ምን ይመስላል? ከጆሃንስበርግ አዲስ አበባ ያለው ርቀት ወደ 2,500 ማይል ነው፤ ደርሶ መልሱ 5,000 ይሆናል። ይህ ግን ሙሉ በሙሉ ከተቆጠረለት ነው። ትኬቱ ላይ አንዲት የላቲን ፊደል አለች፤ ትኬቱ በየትኛው የዋጋ ክፍል እንደተሸጠ የምትናገር ናት። ውድ የሆነው ክፍል ርቀቱን በሙሉ፣ ቢዝነስ ደግሞ ከዚያም በላይ ያስቆጥራል፤ ርካሹ የርቀቱን ከፊል ብቻ ይሰጣል፤ አንዳንዱ የቡድንና የልዩ ቅናሽ ትኬት ምንም አይሰጥም። በዓመት አንዴ በርካሽ ትኬት የሚመጣ ሰው በዓመት 2,500 ማይል ቢያገኝ ነው። የሼባ ማይልስ ማይል ሦስት ዓመት ይቆያል፤ ከዚያ ይቃጠላል። ሦስት ዓመት ተጠራቅሞ 7,500 ቢደርስ እንኳ የመጀመሪያው ዓመት ማይል መቃጠል ይጀምራል። ይህ ሰው ለብቻው በማይል የጆሃንስበርግ ትኬት እወስዳለሁ ብሎ ከጠበቀ ሲጠብቅ ይኖራል።

ይህን በግልጽ መናገር የሚያስፈልገው የማይል ምክር የሚሰጡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚናገሩት በወር ሁለቴ ለሚበር ሰው ስለሆነ ነው። ወደ ሳዑዲ ወይም ወደ ሊባኖስ ለቤት ሥራ የምትሄደው ልጅ ዘንድ ሲደርስ ምክሩ ይባስ ይቀላል። አዲስ አበባ ሪያድ 1,200 ማይል ገደማ፣ ጅዳ 900 የማይሞላ ነው። ሳዑዲ ሁለት ዓመት ሠርታ ስትመለስ በጥሩ ትኬት እንኳ የሚኖራት 2,000 ገደማ ማይል ነው፤ በአሠሪ በጅምላ የተገዛ ትኬት ከሆነ ምንም ላይኖራት ይችላል። ለእሷ የሚጠቅማት በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ነው፤ የደርሶ መልስ ጉዞ ወጪን አሠሪው እንዲሸፍን ያስገድዳልና። ውሏ ላይ የመመለሻው ትኬት በግልጽ መጻፉን ማረጋገጥ ከማንኛውም የማይል ብልሃት ይበልጣል። ማይል ሰብስቢ ማለት በእሷ መቀለድ ነው።

ታዲያ ማን ይጠቀማል? በመጀመሪያ ነጋዴው። ከሆሳዕናና ከዱራሜ ተነስቶ ዱባይና ጓንግዡ የሚመላለስ ሰው አለ፤ ጓንግዡ ብቻውን በአንድ በኩል ወደ 5,000 ማይል ይሄዳል። በዓመት ሦስት ጊዜ የሚሄድ ሰው፣ ትኬቱ በሙሉ ርቀት የሚቆጠር ከሆነ፣ ወደ 30,000 ማይል ይደርሳል። ሁለተኛው አሜሪካ ያለው ነው። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ከ7,000 ማይል በላይ ነው፤ አንድ ደርሶ መልስ ከ14,000 ይበልጣል፤ ባልና ሚስት ከሁለት ልጆች ጋር ሲመጡ በአንድ ክረምት በአራት ስም ከ50,000 በላይ ይሆናል። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ የማይነሳው ነው፤ ለጉባኤ የሚበር የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ፣ የረድኤት ድርጅት ባልደረባ፣ የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ መምህር። ወደዚህኛው ኋላ እመለስበታለሁ፤ የራሱ የሆነ ጣጣ አለው።

ማይል ያለው ሰው ታዲያ የት ላይ ቢያውለው ይበልጥ ያተርፋል? ሰው ቶሎ የሚያስበው ለመስቀል ነው። በዚያ ሰሞን ከምባታው ለመሳላ በዓል፣ ሐድያው ለያሆዴ በዓል አገሩ መግባት ይፈልጋል፤ የፈረንጅ ገናን ሽያጭ ጨርሶ በጥር ለሰርግ የሚመጣም አለ። ችግሩ አየር መንገዱም ይህን ያውቃል። በገንዘብ የሚሸጥ ወንበር በሞላበት ሳምንት ለማይል የሚለቀቀው ጥቂት ነው፤ ጳጉሜን ላይ ተነስቶ ለመስከረም 17 የማይል ወንበር መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። የበዓል ወንበር በማይል የሚገኘው ከብዙ ወራት በፊት ለሚያስብ ሰው ነው፤ የመጪውን መስቀል በሚያዝያ የሚያስብ ስንት እንደሆነ ግን አንባቢ ይፍረድ።

ማይል ከፍተኛ ዋጋ የሚያወጣው በመርዶ ጊዜ ነው። ይህን የምለው ሐዘንን ከትርፍ ጋር ለማያያዝ አይደለም። ነገ ለሚነሳ በረራ ዛሬ የሚገዛ ትኬት ርካሾቹ ክፍሎች አልቀውበት የቀረው ውዱ ብቻ ነው፤ ከወር በፊት ከተገዛው ሁለትና ሦስት እጥፍ ሊሆን ይችላል። በቋሚ ሠንጠረዥ የሚሠራ የማይል ትኬት ግን ወንበር እስካለ ድረስ ዛሬም ያው፣ ከወር በፊትም ያው ነው። አባት አረፉ ተብሎ በለሊት ስልክ ሲደወል፣ ሰው እንዳይሰማው ተብሎ ሌላ ሰበብ ተፈጥሮ ትኬት ሲፈለግ፣ ገንዘቡ የሚሰበሰበው ከእድርተኛና ከዘመድ ነው። በዚያ ሰዓት የአንድ የአጎት ልጅ ሒሳብ ላይ የተቀመጠ 20,000 ማይል ከተለመደው ዋጋው በእጥፍ ይቆጠራል፤ በብዙ ፕሮግራሞች የማይሉ ባለቤት ለሌላ ሰው ስም ትኬት ማስቆረጥ ይችላልና። ለዚህ ነው የማይል ጥቅም በግለሰብ ሳይሆን በቤተሰብ ደረጃ መታሰብ አለበት የምለው። አራት ወንድማማቾች የየራሳቸውን ትንሽ ማይል ለየብቻ እንዲቃጠል ከሚተዉ፣ የማን ማይል መቼ እንደሚያልፍ እርስ በርስ ቢያውቁ ከአራቱ አንዱ ዘንድ ሁልጊዜ የሚበቃ ይኖራል።

ሁለተኛው ትልቅ ጥቅም ትኬት ሳይሆን ኪሎ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. ስታር አሊያንስ የተባለው የአየር መንገዶች ኅብረት አባል ከሆነ ወዲህ የሼባ ማይልስ የወርቅ ደረጃ በኅብረቱ አየር መንገዶች ሁሉ ይታወቃል፤ ማረፊያ ክፍል፣ ቅድሚያ ሰልፍና ተጨማሪ ሻንጣ ያስገኛል። ሻንጣ በቁጥር በሚሄድበት መስመር አንድ ተጨማሪ፣ በክብደት በሚሄድበት 20 ኪሎ። ለሌላ አገር መንገደኛ ማረፊያ ክፍሉ ነው የሚያጓጓው። ለእኛ መንገደኛ ደግሞ ሻንጣው ነው። ለሰባት ቤተሰብ ልብስ፣ ለአማች ስልክ፣ ለቤተ ክርስቲያን ማይክራፎን ይዞ የሚመጣ፣ ሲመለስ በርበሬና ቡላ የሚጭን ሰው በቦሌ ሚዛን ላይ የሚከፍለውን ያውቀዋል። ይህን ደረጃ ለማግኘት በዓመት በአስር ሺዎች የሚቆጠር ማይል መብረር ስለሚያስፈልግ የተመላላሹ ነጋዴ ጥቅም ነው፤ በዓመት አንዴ የሚመጣውን አይመለከትም። ጉዞውን በሦስት አየር መንገድ የሚበትን ነጋዴ ግን የትም ደረጃ አይደርስም። በየትኬቱ 30 ዶላር ለማዳን ብሎ ዱባይን በአንዱ፣ ቻይናን በሌላው የሚሄድ ሰው በዓመቱ መጨረሻ የኪሎ ቅጣቱን ሲደምር ቅናሹ የት እንደገባ ይጠፋዋል።

ከኢኮኖሚ ወደ ቢዝነስ ወንበር ለማደግ ማይል መጠቀምስ? በዶላር ሒሳብ ብዙ ጊዜ የሚያዋጣ ይመስላል፤ የቢዝነስ ዋጋ ከፍተኛ ስለሆነ በማይል ሲካፈል ቁጥሩ ያምራል። ግን በገንዘቡ ፈጽሞ የማይገዛውን ነገር በማይል ያገኘ ሰው ያ ሁሉ ዶላር ዳነልኝ ማለት አይችልም። ጉልበቱ ለደከመ አባት ወይም ለታመመ ሰው ካልሆነ አልመክረውም።

አሁን ነገሩ በአየር መንገዶቹ በኩል እንዴት እንደሚታይ እንመልከት። አሜሪካን ኤርላይንስ አድቫንቴጅ የተባለውን ፕሮግራም በግንቦት 1981 እ.ኤ.አ. ሲጀምር ሐሳቡ ደንበኛ እንዳይከዳ ማሰር ነበር፤ ዩናይትድ በቀናት ልዩነት ተከተለው። በኋላ ግን አየር መንገዶቹ ማይልን ለባንኮች መሸጥ ጀመሩ፤ ባንኮቹም ለካርድ ደንበኞቻቸው ያከፋፍላሉ። በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ ሰማዩ ባዶ ሲሆን ዩናይትድ የማይል ፕሮግራሙን በመያዣነት አስይዞ 6.8 ቢሊዮን ዶላር ተበደረ፤ ዴልታ 9 ቢሊዮን፣ አሜሪካን ደግሞ 10 ቢሊዮን። አውሮፕላን በማይበርበት ወቅት አበዳሪ ያመነው ማይሉን ነው። ማይል ማለት እንግዲህ አየር መንገዱ ራሱ የሚያትመው፣ ዋጋውንም ራሱ የሚወስነው ገንዘብ ነው። ብሔራዊ ባንክ ብርን ሲያወርድ ቢያንስ መግለጫ ይሰጣል፤ አየር መንገድ ትናንት 25,000 የነበረውን ትኬት ዛሬ 35,000 ሲያደርገው የሚጠይቀው የለም። ዴልታና ዩናይትድ በ2015፣ አሜሪካን በ2016 እ.ኤ.አ. ማይልን በተጓዘው ርቀት መቁጠር ትተው በተከፈለው ዶላር አደረጉት፤ ርካሽ ትኬት ይዞ ሩቅ የሚሄደው፣ ማለትም እንደ እኛ ያለው ተጓዥ፣ በአንድ ውሳኔ ተጎዳ። ዴልታና ዩናይትድ የሽልማት ሠንጠረዣቸውንም አንስተው ዋጋውን እንደ ወንበሩ ፈላጊ ብዛት የሚወጣና የሚወርድ አደረጉት።

ስለዚህ ከላይ ማይል ከብር ጋር አልወደቀም ስል አስቀምጡት ማለቴ አይደለም። ማይል እንደ ጊደር አስቀምጠውት አይወልድም፤ ወለድ የለውም፣ የሚያልፍበት ቀን አለው፣ ዋጋውን የሚያወርደውም አንድ ወገን ነው። ከብር ተሻለ ማለት ከዶላር ወይም ከወርቅ ተሻለ ማለት አይደለም። ለአንድ ጉዞ የሚበቃው ሲሞላ መጠቀም ነው።

እዚህ ላይ የርካሽ ትኬትና የማይል ጠብ ይነሳል። ሁለት ትኬት ቀርቦልሃል፤ አንዱ ርቀቱን በግማሽ፣ ሌላው በሙሉ ያስቆጥራል። ለጆሃንስበርግ ደርሶ መልስ ልዩነቱ 2,500 ማይል ነው። ከላይ ባሰላነው 1.6 ሳንቲም ቢመታ 40 ዶላር ይሆናል። ውዱ ትኬት ከዚያ በላይ የሚጨምርብህ ከሆነ ርካሹን ያዝና ማይሉን እርሳው። ቀን መቀየር የሚፈቅድ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ለለቅሶ ወይም ለሰርግ የመጣ ሰው የመመለሻ ቀኑን ሳይቀይር የሚመለስበት ጊዜ ጥቂት ነውና፣ የቅጣቱ ገንዘብ ከማይሉ ይበልጣል።

ማይል ከሚጠፋባቸው መንገዶች የሚያናድደው በስም ምክንያት የሚጠፋው ነው። በፓስፖርታችን የራስ፣ የአባትና የአያት ስም አለ፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ አንዱ ስም ሦስት ዓይነት መልክ ይይዛል። የማይል አባልነቱ በራስና በአባት ስም ተከፍቶ፣ ትኬቱ በአያት ስም ከተቆረጠ፣ ወይም አንዲት ፊደል ከተለወጠች ኮምፒውተሩ ሌላ ሰው ነው ብሎ ይዘለዋል። አባልነቱ ሲከፈት ፓስፖርቱን ፊት ለፊት አስቀምጦ ፊደል በፊደል መገልበጥ ነው መፍትሔው። የአባልነት ቁጥሩን ለትኬት ቢሮው ሳይጠየቁ መስጠት ያስፈልጋል፤ ቆራጩ ኮሚሽኑን የሚያገኘው ከትኬቱ እንጂ ከማይሉ ስላልሆነ ራሱ አያስታውስም፣ ሊወቀስም አይገባም። ተረስቶ ከቀረም የመሳፈሪያ ወረቀቱንና የትኬት ቁጥሩን የያዘ ሰው በተወሰኑ ወራት ውስጥ ማስቆጠር ይችላል። ወረቀቱ ሻንጣው ከቤት ሳይገባ የሚጣል መሆኑ ነው ችግሩ።

አሜሪካ ላለው ሰው ደግሞ አንድ ምርጫ አለ። በኢትዮጵያ አየር መንገድ የተጓዘውን በሼባ ማይልስ ብቻ ሳይሆን በሌላ የስታር አሊያንስ አባል ፕሮግራም ሊያስቆጥር ይችላል፤ አንድ በረራ ግን በአንድ ሒሳብ ብቻ ነው የሚቆጠረው። የዩናይትድ ማይል ከነሐሴ 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያልፍበት ቀን የለውም። በሦስት ዓመት አንዴ አገር ቤት የሚመጣ ሰው ማይሉ ሳይቃጠል እንዲጠብቀው ከፈለገ ይህ ይሻለዋል፤ በየዓመቱ የሚመላለስና ሻንጣ የሚያስጨንቀው ደግሞ ሼባ ላይ ቢጸና። ማይል እገዛለሁ የሚል ደላላ ካጋጠመ መሸሽ ነው፤ ማይል መሸጥ በየፕሮግራሙ ደንብ የተከለከለ ነው፤ ከተደረሰበት ሒሳቡም በስሙ የተቆረጠው ትኬትም ይሰረዛል፤ ገዢው ቦሌ ላይ ይቀራል።

በመሥሪያ ቤት ገንዘብ ስለሚበረው ሰው ያልኩት ጣጣ ይህ ነው። ማይሉ በደንቡ የተሳፋሪው ነው፤ ትኬቱን የከፈለው ግን ሕዝብ ወይም ለጋሽ ነው። ጀርመን ውስጥ በሐምሌ 2002 እ.ኤ.አ. በሥራ ጉዞ የተጠራቀመ ማይልን ለግል ጉዞ አውለዋል ተብለው ፖለቲከኞቹ ጄም ኦዝዴሚር ከፓርላማ ቡድናቸው ቃል አቀባይነት፣ ግሬጎር ጊዚ ደግሞ ከበርሊን የኢኮኖሚ ኃላፊነታቸው ለቀዋል። አሜሪካ በተቃራኒው ከ2001 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ የፌዴራል ሠራተኛ በሥራ ያገኘውን ማይል ለራሱ እንዲያውል በሕግ ፈቅዳለች፤ ሠራተኛው ከቤቱ ርቆ ስለሚደክም ይገባዋል በሚል። ሁለቱም መንገድ ያስኬዳል፤ የማያስኬደው ዝም ማለት ነው። ሆሳዕና ላይ የተቀመጠው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ቢሮ ይሁን፣ ዩኒቨርሲቲው ይሁን፣ ቤተ ክርስቲያኒቱም ትሁን፣ እያንዳንዱ በጉዞ ደንቡ ላይ አንድ አንቀጽ ቢጨምር ምንም አያስወጣውም። እኔ ብጠየቅ የሥራ ማይል ለሚቀጥለው የሥራ ጉዞ ይዋል እላለሁ፤ የበጀት እጥረት ያለበት ቤት ነውና።

ጉዞው ቦሌ ላይ አያልቅም። በሐድያና በከምባታ ከተሞች መደበኛ በረራ የሚያስተናግድ ኤርፖርት የለም። በማይል የመጣ ሰውም ከቦሌ እስከ ዳምቦያ ያለውን መንገድ በሃይሩፍ ወይም በኮንትራት መኪና በብር ይከፍላል፤ ሻንጣው ሲበዛ ኮንትራቱ ግድ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በራሱ ዓለም አቀፍ ትኬት ለመጣ መንገደኛ የአገር ውስጥ በረራ በቅናሽ ይሸጣል፤ ሐዋሳ ላይ ወርዶ በሻሸመኔና በሀላባ በኩል መግባት ለአንድ ሰው ሊያዋጣ ይችላል። ለአምስት ሰው ከነሻንጣው ግን ከአዲስ አበባ አንድ መኪና መያዝ ይረክሳል። ለሐዋሳዋ አጭር በረራ ማይል ማውጣት ደግሞ የማይመከር ነው፤ የትኬቱ ዋጋ ትንሽ ስለሆነ ማይሉ የሚያድነው ገንዘብም ትንሽ ነው። ከዚህ የተለየው ሊያልፍ ሁለት ወር የቀረው 6,000 ማይል ይዞ ሌላ የሚያውልበት የሌለው ሰው ነው፤ የሚቃጠል ማይል ዋጋው ዜሮ ነውና፣ እናቱን ለሕክምና ከሐዋሳ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ቢያመጣበት ማንም አይከስርም።